በግራ በኩል ሁለት ጣት

«ይቺ ምራትሽ መቀስ መያዝ አታውቅም!» ሲባል የሰማሁት ገና ደረጃውን ስወጣ ነው፣ ትኩስ ዳቦ እንደታቀፍኩ። በእኛ ሰፈር፣ በላ ፓዝ ሎስ አንዴስ ጎዳና፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ልብስ ሰፊ ቤት ገብቶ እንዲህ የሚጮህ አንድም ሰካራም ነው፣ አንድም ደጋሽ። ዶኛ ኤርሚንያ የዘንድሮዋ ደጋሽ ናቸው። የጭፈራ ማኅበሩን ባንድ የሚከፍሉ፣ ቢራውን የሚያወርዱ፣ ቅዳሜ በግራን ፖደር በዓል ስልሳ ሦስት ሴት አስከትለው ከፊት የሚጨፍሩ እሳቸው ናቸው። ስገባ መስታወቱ ፊት በርጩማ ላይ ቆመዋል፤ የሰፋሁላቸውን ፖዬራ ለብሰዋል፣ ያንን ስምንት ሜትር ጨርቅ የሚፈጅ ባለ ሽንሽን ሰፊ ጉርድ፣ ወይን ጠጅ ከነወርቅ ጥልፉ። ከጎናቸው ሁለት የማኅበሩ ሴቶች ክንዳቸውን አጣምረው ይመለከታሉ። አማቴ ቶማሳ ወለል ወለሉን ታያለች። እውነቱን ለመናገር እኔም እንዳየሁት ክው አልኩ። በቀኝ በኩል ጠርዙ ልክ ቦታው ላይ ነው፤ በግራ ግን ወደ ታች ተንዘላዝሏል።

«ትናንት ልምምድ ላይ ከኋላዬ ሳቁብኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ!» አሉ ዶኛ ኤርሚንያ። «ስልሳ ሦስቱ ጉርድ ቀጥ ብሎ የደጋሿ ይንሻፈፍ? ዛሬ ማታ ልምምድ ላይ ይቺ ልጅ ሴቶቹ ፊት ቆማ ያበላሸሁት እኔ ነኝ ትበል። አለዚያ የሚቀጥለው ዓመት ደጋሽ እዚህ ቤት ጨርቅ አያመጣም። እኔው ራሴ ነኝ የምነግራት።»

አማቴ ቀና ሳትል «ይቅርታ በያቸው፣ ሳቢና» አለችኝ። «ምን ይጎድልብሻል?»

ምን ይጎድልብሻል ትለኛለች! ስም ነዋ የሚጎድልብኝ። በዚህ ጎዳና ላይ ከላይ እስከ ታች ልብስ ሰፊ ነው፤ አንዷ አስነጠሰች ከተባለ ሌላዋ ይማርሽ የምትለው ከሦስት በር ወዲያ ሆና ነው። አንድ ጊዜ «አጣማ የምትቆርጠዋ» ከተባልኩ እስክቀበር ድረስ አጣማ የምትቆርጠዋ ነኝ። ባሌ ሚኒባስ ሲነዳ አንድ ቀን ቢያጋጭ ፍሬን ነው ይላል፤ የኔ ፍሬን የታለ? ደግሞ እጄን አውቀዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ቤት ዘምዝሜያለሁ፣ ሸንሽኜያለሁ፣ ቀምቅሜያለሁ፤ መቀሱን ዘንድሮ ገና የተረከብኩት አማቴ ዓይኗን ሞራ ስለጋረዳት ነው። እንኳን አጣምሜ ልቆርጥ፣ ሰው የቆረጠውን ጠማማ ከመንገድ ማዶ ሆኜ አያለሁ።

«እትዬ ኤርሚንያ፣ አውልቁትና እንለካው» አልኩ።

አወለቁት። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ መሃል ለመሃል አጠፍኩት፤ መቀነቻው ከመቀነቻው፣ ጠርዙ ከጠርዙ ገጠመ። ሜትሩን ለአንደኛዋ ሴት ሰጠኋትና እሷው ለካችው። በቀኝ ሰባ ስምንት፣ በግራ ሰባ ስምንት። ሴትዮዋ ደግማ ለካችና ጓደኛዋን አየቻት። ዶኛ ኤርሚንያ በውስጥ ጉርዳቸው እንደቆሙ ፊታቸው ቀላ። «እና ጨርቁ ልክ ከሆነ ጠማማዋ እኔ ነኝ?» አሉ። አዎ የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ አማቴ ግን በጠረጴዛው ስር ጭኔን ቆነጠጠችኝ፣ ያውም በጥፍሯ። «ልጅ ናት እትዬ፣ አይፍረዱባት፤ እኔ ራሴ እስከ ማታ አስተካክለዋለሁ» አለች። ዶኛ ኤርሚንያ የራሳቸውን ፖዬራ ለበሱ፣ ባርኔጣቸውን ደፉ። «ቶሎ በይ፣ እኔ በአሥር ሰዓት ወጌሻዬ ጋ ቀጠሮ አለኝ። ይሄ ግራ እግሬ መደንዘዝ ጀምሯል፤ ዛሬ ጀርባዬ ላይ ወጥቶ በደንብ ይረግጠኛል» ብለው ወጡ። ደረጃውን ሲወርዱ የግራ ትከሻቸው ከቀኙ ዝቅ ማለቱን አየሁ። ስንት ዓመት አይቼው አላየሁትም ነበር ማለት ነው።

አማቴን እማዬ እላታለሁ፣ አንቺ ነው የምላት፤ እንዲያም ሆኖ ብዙ አናወራም። ክፍሏ ከሱቁ ጀርባ ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ ግድግዳው ላይ የሟች ባሏ ፎቶ። የልኬት ደብተሯን ፍራሽ ስር ነው የምታስቀምጠው፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አትወድም። የዘንድሮውን ልኬት የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ በራሴ ወረቀት፤ የቆረጥኩትም እሷ ለወንድሟ ለቅሶ ኦሩሮ ከተማ ሄዳ ሦስት ሳምንት በቆየችበት ጊዜ ነው። ሽንኩርት ልትገዛ ስትወጣ ደብተሩን አወጣሁት። ይሄ ሌብነት ነው የሚል ካለ ይበል። እያንዳንዷ ሴት ገጽ አላት፤ ወገብ፣ ዳሌ፣ ቁመት። ቁመት ለሁሉም አንድ ቁጥር ነው። የዶኛ ኤርሚንያ ግን ሁለት ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ቀኝ ሰባ ስምንት፣ ግራ ሰባ ስምንት። የዛሬ ስምንት ዓመት ግራው ሰባ ሰባት ተኩል። ከዚያ ሰባ ሰባት፤ ሰባ ስድስት። አምና ሰባ አራት ተኩል። እያንዳንዱ በቀኑ፣ በአማቴ ወፍራም እርሳስ ተጽፏል። ማለትም ስምንት ዓመት ሙሉ አማቴ በግራ በኩል ለሰው ሳትናገር አሳጥራ ስትቆርጥ፣ ጉርዱ ቀጥ ብሎ ሲወርድ፣ ባለቤቲቱም መስታወት እያዩ ቀጥ ያልኩ ነኝ ሲሉ ኖረዋል። ተናደድኩ። ደግሞም አደነቅኳት፤ እጅ ነው ያላት፣ እጅ!

ሽንኩርቷን ይዛ ስትገባ ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር። አየችውና ሽንኩርቱን መላጥ ጀመረች።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ምኑን?»

«የሴትዮዋ ወገብ መጣመሙን ነዋ! ለኔ ባትነግሪ እንኳን ለራሳቸው ለምን አትነግሪያቸውም?»

«ሴትን ልጅ ጠማማ ነሽ ይባላል?» አለች። «ነግሬያት በነጋታው ማዶ ሄዳ ብታሰፋ? ወረታው ይሄ ነው። ገላ የፈለገውን ይሁን፤ የእኛ ሥራ ጨርቅ ነው።»

«እግራቸው እንደደነዘዘ ነገሩን እኮ። ወጌሻ ሊረግጣቸው ነው። የጎረቤታችንን የሴፌሪናን እናት ረግጦ ጎድናቸውን የሰበረው እኮ ያው ሰውዬ ነው፣ ረሳሽው?»

  ቢላዋውን አስቀምጣ መርፌ አነሳችና ክር ልታስገባ ሞከረች፤ ሁለት ጊዜ አለፋት፣ በሦስተኛው ተወችው። ቀምቼ አስገባሁላት። ከዚያ ደብተሩን ብብቴ ስር ከትቼ ሹራቤን አጠለቅኩ። «ከወጣሽ ስልሳ አራት ጉርድ አብሮሽ ወጣ» አለችኝ። «ይውጣ» አልኳትና ወጣሁ። 

የዶኛ ኤርሚንያ የብርድ ልብስ መጋዘን ሁለት መንገድ ወዲያ ነው። እስከ ጣራ የተቆለለ ብርድ ልብስ፣ ነብር የተሳለበት፣ አበባ የተሳለበት፤ ትልቁ መቶ ስልሳ ቦሊቪያኖ፣ የልጆቹ ስልሳ። ከኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቻይሮ ሾርባቸውን ይጠጣሉ፤ ሲቀመጡ ወደ ግራ ዘመም ብለው በክንዳቸው ብርድ ልብሱን ይደገፋሉ። ይቅርታ ልል የመጣሁ መስሏቸው «ማታ በይው አልኩ እንጂ እዚህ ምን ያደርግልኛል?» አሉ። ደብተሩን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። ገጹን ከፍቼ በጣቴ እያሳየሁ ዓመቱንም ቁጥሩንም አነበብኩላቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ ለቀቁት።

«ውጪልኝ» አሉ።

«እወጣለሁ። ግን ወጌሻው ጋ አይሂዱ እትዬ። መጀመሪያ ራጅ ይነሱ።»

«እኔ ምን እንደሆነ አጣሁትና ነው? ሸክም ነው!» አሉ። ድምፃቸው ወረደ፤ ሠራተኞቹ እንዳይሰሙ ነው። «ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ባቡር ጣቢያ ድንች ተሸክሜያለሁ። እናቴ ማዘያውን አስራልኝ፣ ግማሽ ኩንታል። ይሄን ሁሉ ብርድ ልብስ፣ ይሄን ሁሉ ቤት የሠራሁት ያቺን ተሸካሚ ሰው እንዲረሳት ነው። እና አሁን ወገቤ ወጥቶ ያሳጣኝ? ደጋሽ ሆኜ ከፊት ስሄድ፣ አያችሁ፣ የድንች ተሸካሚዋ መጣች ይበሉኝ?» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔ ብሆን አለቅስ ነበር፤ እሳቸው አላለቀሱም።

እኔም ተቀመጥኩ፣ ነብሩ ላይ። «ሸክም ይሁን አይሁን እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ አላውቅም» አልኳቸው። «ይሄን ግን ይዩልኝ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ቀጥ ያሉ ነበሩ። ድንች የተሸከሙት ከአርባ ዓመት በፊት ነው። ሸክም ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ዓመት ምን ይጠብቃል?» ቁጥሮቹን ደጋግመው አዩዋቸው። «ቶማሳ ታውቅ ነበር ማለት ነው» አሉ። ከዚያ ብድግ አሉ፣ እንደሳቸው ያለ ሰው አንዴ ብድግ ካለ አለቀ። «ራጅ ስንት ነው?» አሉኝ። መቶ ሃያ ነው አልኳቸው። «የአንድ ትልቅ ብርድ ልብስ ዋጋ እንኳን አይሞላም፤ ነይ ተከተይኝ!»

ሚኒባስ ይዘን ሆስፒታሉ ወዳለበት ሰፈር፣ ሚራፍሎሬስ ወረድን። እዚያ መንገዱ ሁሉ የግል ክሊኒክ ነው፤ አንዱ ጥርስ፣ አንዱ ደም፣ አንዱ አጥንት። ራጁ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። የአጥንት ሐኪሟ ዶክተር ቾኬ የእኔ እኩያ ናቸው፤ ፀጉራቸውን አጭር ተቆርጠዋል፣ ድምፃቸው ግን የገበያ ሴት ድምፅ ነው፣ ወዲያው ወደድኳቸው። ዶኛ ኤርሚንያን አስቁመው ከኋላ አዩ፣ አጎንብሱ አሏቸው፣ በጀርባቸው አስተኝተው ሁለቱን እግራቸውን ለኩ። ከዚያ ራጁን መብራቱ ላይ ሰቀሉት። እኔም አየሁት። ወገቡ ጋ ሲደርስ መስመሩ ወደ ጎን ይሄዳል፤ የተንጋደደ ሽንሽን ይመስላል። ዶኛ ኤርሚንያ ራሳቸውን አላወቁትም፤ «ይሄ የኔ ነው?» አሉ።

«የእርስዎ ነው እትዬ። በልጅነትዎ ፖሊዮ ይዞዎት ነበር? ጀርባዎ ተቀዶ ያውቃል?» አሉ ዶክተሯ። የለም አሉ። «እግሮችዎ እኩል ናቸው፤ አንዱ ቢያጥር እሱም ወገብን ያጋድላል፣ የእርስዎ ግን አላጠረም። እንግዲህ የሚቀረው ሁለት ነገር ነው። በአንዳንዱ ሰው ከአፍላነት የጀመረ ጥምመት ይኖርና ሲያረጅ ይብሳል። በሌላው ደግሞ ቀጥ ያለ አከርካሪ ከሃምሳ በኋላ ይጣመማል፤ በአጥንቶቹ መሃል ያለው ልስልሱ ትራስ በአንድ ጎን ያልቃል፣ መጋጠሚያው ይበላል፣ ላዩ ወደዚያ ያጋድላል። የትኛው እንደሆነ ከዚህ ራጅ ብቻ ቁርጡን መናገር አልችልም። የድሮ ራጅ ወይም ፎቶ አለ? ከአሥር ዓመት በፊት ቀጥ ማለትዎን የሚያውቅ ሰው አለ?»

ደብተሩን ከብብቴ ስር አወጣሁት። ዶክተሯ መነጽራቸውን አደረጉ፤ አንድ ጊዜ አነበቡ፣ ወንበራቸውን ወደ እኔ ስበው ደግመው አነበቡ። «ይሄን ማን ጻፈው?» አሉ። አማቴ አልኳቸው። «ሐኪም እንኳን በየዓመቱ እንዲህ አይለካም። ለአማትሽ እጅ እነሳለሁ በይልኝ» አሉኝ። እኔማ አበጥኩ! ከዚያ ወደ ዶኛ ኤርሚንያ ዞሩ። «በዕድሜ የመጣ ነው። ከሃምሳ በኋላ ነው የጀመረው። አጥንትዎም ሳስቷል፣ በሴት ይብሳል፤ ይሄው እዚህ አንዱ ትንሽ ተጨፍልቋል። የአጥንት ጥንካሬ ምርመራ ያደርጋሉ፣ መድኃኒት ይጀምራሉ፣ ወገብና ሆድዎን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ የምታሳይዎት ባለሙያ አለች። ይሄንን አጥንት ሰው ቢረግጠው ግን ይሰበራል። ገባዎት? ይሰበራል። እግርዎ እየደከመ ከሄደ ወይም ሽንትዎን መቆጣጠር ካቃተዎት በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይመጣሉ።»

«ሸክሙስ?» አሉ ዶኛ ኤርሚንያ። ትንሽ ልጅ መሰሉኝ። «ድንች ተሸካሚ ነበርኩ።»

«ሸክም ያሳምማል፣ ያደክማል። እንዲህ አድርጎ የሚያጣምም ግን እሱ አይደለም። በወንበር ተቀምጠው የኖሩ ሴቶችም ይመጡብኛል፣ ልክ እንደዚህ ሆነው።»

ዶኛ ኤርሚንያ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «ቅዳሜስ ልጨፍር?» አሉ። ዶክተሯ ሳቁ። «ይጨፍሩ፤ ሲደክምዎት ይቀመጡ። በጭፈራው የሚያሽከረክሩትን ከባድ የብረት ማንኳኪያ ግን ለሌላ ይስጡት።» ስንወጣ ልክ አሥር ሰዓት ሆኗል። ዶኛ ኤርሚንያ ስልካቸውን አውጥተው ወጌሻው ጋ ደወሉና «አልመጣም፤ ሰው ከመርገጥ ወይን ብትረግጥ ይሻልሃል» ብለው ዘጉበት። በመንገዱ ሁሉ ሰው እስኪያየን ሳቅን።

ሱቁ ስንደርስ ጥዋት የመጡት ሁለቱ ሴቶች ጉርዱን ሊወስዱ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። አማቴ አልቆረጠችውም፤ ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀመጥኩት አለ። ዶኛ ኤርሚንያ ሳይቀመጡ፣ ባርኔጣቸውንም ሳያወልቁ፣ ራጁን ከፖስታው መዘዝ አድርገው መስኮቱ ላይ ለጠፉት። «እዩት» አሏቸው። «ጨርቁ ልክ ነው። ያጋደልኩት እኔ ነኝ። ማታ ልምምድ ላይ ይሄን የምናገረው እኔ ነኝ፤ ሳቢና አፏን እንዳትከፍት። መቀሷ ቀጥ ያለ ነው በሉ፣ ለመጪው ደጋሽም ይነገራት።» ሴቶቹ መስቀል አማተቡ። እኔ እንደሆንኩ አንገቴ ሥር ድረስ ሞቀኝ፤ ጥዋት ለዚያ ጩኸት ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ ጠፋብኝ።

ከዚያ ወደ አማቴ ዞሩ። «ስምንት ዓመት አየሽው፣ ቶማሳ።»

«ያፍራሉ ብዬ ነው እትዬ» አለች አማቴ።

«ማፈሩስ የኔ ነው፣ ልፈርበት። አንቺ ግን ፈራሽ።»  ከዚህ በላይ አላከረሩትም፤ ጉርዱን አንስተው ሰጡኝ። «በግራ ሁለት ጣት አሳጥሪልኝ። ቅዳሜ ቀጥ ብዬ መታየት እፈልጋለሁ፤ ግን እያወቅኩት።» ያኔውኑ ጠመኔዬን አንስቼ አልብሻቸው ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ ቀመቀምኩ። በርጩማው ላይ ወጥተው ሲዞሩ ጠርዙ ዙሪያውን እንደ ውሃ ልክ ሆነ። ጉንጬን ስመውኝ ሄዱ።

ብቻችንን ቀረን። አማቴ መብራቱን አበራች፣ ቁርጥራጩን ጠረገች፣ ማሽኖቹን ሸፈነች። የዶክተሯን መልእክት ነገርኳት። ይቅርታ አልጠበቅኩም፤ በዚህ ቤት ይቅርታ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ሹራቤን ለብሼ ወደ ቤቴ ልሄድ ስል መስታወቱ ፊት ሄዳ ቆመች። ልብሷን ሁልጊዜ ራሷ ነው የምትሰፋው፣ በዓይን፣ ያለ ሜትር፤ እኔ እሷን ለክቻት አላውቅም፣ ማንም ለክቷት አያውቅም። ሻሏን አውልቃ ወንበሩ ላይ ጣለችው፣ ጫማዋን አወለቀች፣ እጆቿን ከጎኗ ለቀቀች።

«ለኪኝ» አለች።

ተንበረከክሁ። ሜትሩን ከቀኝ ወገቧ እስከ ወለሉ ዘረጋሁ፤ ዘጠና ሁለት። ወደ ግራ ዞርኩ። አንዴ ለካሁ። እንደገና ለካሁ። 

«ስንት ነው?» አለች። በመስታወቱ ውስጥ ታየኛለች፤ በሞራው በኩል ምን እንደሚታያት እንጃ።

«ዓይኔን ደክሞኛል እማዬ፤ ነገ ጠዋት በብርሃን...»

«ሳቢና» አለችኝ። «ጨርቅ አትቁረጪልኝ። ንገሪኝ።»

ከወለሉ ተነሳሁና ፊት ለፊቷ ቆምኩ።

«ሰማንያ ስድስት» አልኳት። «ነገ ዶክተሯ ጋ እወስድሻለሁ።»